ባለ ሦስት እግር

ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ ሂርማታ ሊደረስ ሲል፣
ዛሬ ሞባይል የሚጠገንባት ያቺ ጠባብ ክፍል
የሙዘይን አባ ጊሳ የእንጨት ቤት ነበረች።
ጠጋኙ ልጅ አያውቅም። በሯ ግን ዛሬም ዋንዛ ነች።

በርጩማ ይጠርብ ነበር፣ ያለ ሚስማር፣ ካንድ ግንድ።
«አራት እግር የሲሚንቶ ወለል ያምረዋል፤
ሦስት እግር ጭቃም ላይ ይቆማል» ይላል።
ቁመቱ ስንዝር ተኩል፤ ለሐጂውም፣ ለሊስትሮውም፣
ለማንም ብሎ ከዚያ በላይ አልጠረበም።
የአውራጃው ገዢ ከፍ ያለ ወንበር ቢያዝዙ
ቀብዱን በሰው ፊት ቆጥሮ መለሰ።
አርባ ቀን ታስሮ ወጣ፤ ስንዝሩ ያው ስንዝር ነው።

ነገሩን ከማን አገኘው?
ካንድ ጣሊያን ነው ይላሉ፣ ጦሩን ከድቶ እዚሁ የቀረ፣
ኦሬስቴ የሚሉት፣ ግራ እጁ ሁለት ጣት ያጠረ።
ማታ ማታ መጋዝ እየሞረደ
በተሰባበረ ኦሮምኛ ያጫውተዋል
ስላገሩ እብነ በረድ ቆራጮች፣
«ጌታም ንጉሥም የለንም» ስላሉ፣
በዚህም እስር ቤት ስላለቁ።
ሙዘይን አዳምጦ፣ አዳምጦ፣
«ታዲያ ማን ቀበራቸው?» ብሎ ጠየቀ አሉ።
ኦሬስቴ መልስ አጣ።
የኛ ሰው ከዚያ ላይ ጀመረ።

ዕድር አቆመ፤ ዳኛ የሌለው፣ መዝገብ የሌለው፣
አንዲት ጥሩምባ ብቻ፣ በየሳምንቱ ደጅ የምትቀይር።
ተራው የደረሰ ይነፋል፤ ሰው ይወጣል፤
አካፋ ያለው በአካፋው፣ የሌለው በእጁ፣
መስጊድም ይሁን ቤተ ክርስቲያን፣ አፈሩ ያው ነው።
ቅጣት የለም። የቀረ ሰው
በነጋታው የሙዘይንን ዓይን ማየት ብቻ ነበረበት፤
እውነቱን ለመናገር፣ እሱ ከቅጣት ይብስ ነበር።

ስድሳ ዘጠኝ መጣ። ያ ቃል በየግድግዳው ተጻፈ፦ አናርኪስት።
እኛ የሰፈሩ ጎረምሶች ሴል ነበረን፣ የበላይ ነበረን፣
ኮሚቴ፣ ትእዛዝ፣ የምስጢር ስም፣
ካንድ ወረቀት በቀር የጎደለን አልነበረም።
ባንድ ሌሊት ለቀሙን። እሱንም ከነመሮው።

«መሪህ ማነው?» አለ ካድሬው።
«የለኝም።»
«ሊቀመንበራችሁስ?»
ሽማግሌው መጅ የሠራ መዳፉን አየ።
«መንበሩን እኔ እጠርባለሁ፤ ሊቁን ግን አላውቀውም።»

ውስጥ እግሩን ገረፉት።
አናርኪስት ተብለን የታጎርን ሃያ ነበርን፤
የእውነቱ አንድ እሱ ብቻ፣ ቃሉንም የማያውቀው።
ክፍሏ ስለማትበቃ የእንቅልፍ ተራ ሠራልን፤
አሥር ተኝቶ አሥር ይቆማል፣ መስኮቷም በየተራ።
ተራውን ማን ይጠብቃል ስንል
«የነቃው» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

በዓመቱ ተፈታ፤ ሁለት የተሰበረ እግር፣ አንድ ከዘራ።
«አሁን የትም እቆማለሁ» ብሎ ሳቀ፤
እኛ አልሳቅንም።

የሞተ ለት ዝናብ ነበር። ዕድሩን ቀበሌ ወስዶታል፣
ማኅተም አለው፣ ዳኛ አለው፣ ጥሩምባዋም መጋዘን ተቆልፋለች።
ገና ጎህ ሳይቀድ ግን ተነፋች።
ሰው ወጣ፤ አካፋ ያለው በአካፋው።
ማን እንደነፋት ቀበሌው ወር ሙሉ ጠየቀ፤
እስከ ዛሬ የተናገረ የለም።
የእኔ ከንፈር ብቻ
ሳምንቱን በሙሉ ናስ ናስ ይለኝ ነበር።