ዘጠነኛው ሰር

ከጊዮን ሆቴል በታች፣ ጀልባ ከሚታሰርበት፣
አንድ ሽማግሌ ቆመ፣ ባርኔጣው ጠርዙ ያለቀበት።
«ካፒቴኑ ማነው?» አለ። «እኔ» አልሁት፣ ገመድ ስፈታ፤
ዘጌ ደርሶ መልስ ተስማማን፣ ከረፋድ እስከ ማታ።

ለመዝገብ ስሙን ሲነግረኝ፣ ከፊት ለፊቱ «ሰር» አለ፤
«ማን ሾመህ?» ብለው ጊዜ፣ ሳቁን ከሳል ቀላቀለ።
«ካባቴ፣ እሱም ካባቱ፣ እሱም ካባቱ የወሰደው፤
ዘጠነኛው ባሮኔት ነኝ፤ ሥራዬ መወለድ ነው።»

«የፊተኛውስ ምን ሠርቶ?»
            «ለንጉሡ ብር አበደረ፤
ንጉሡ መክፈል ሲያቅተው፣ በብሩ ፈንታ ስም ቆጠረ።
ሦስተኛው ጫካውን በቁማር፣ አምስተኛው ፈረሱን በመጠጥ፣
ሰባተኛው ለግብር ብሎ፣ ቤቱን ከነሥዕሉ ሲሸጥ፣
እኔ ስደርስ የቀረልኝ፣ ከስሜ ፊት ያለች ቃል፤
አዳራሹ ዛሬ ለሰርግ፣ በሰዓት ይከራያል።
ያክስቴ ልጅ ስታገባ፣ ገባሁ ባንድ ቀን ቲኬት፤
አባቴ በተወለደበት ክፍል፣ አየሁ ሲሰቀል የእንግዳ ኮት።»

ነፋስ ከደቅ በኩል መጣ፤ የዘጌ ደን ከሩቅ ጠቆረ፤
ሞተሩን ቀነስ አድርጌ፣ የኛም ወሬ ተጀመረ።

ቅድመ አያቴ ጓንጉል፣ ፊታውራሪ የተባለው፣
የሞተ ዕለት ማዕረጉን፣ ሰሌኑ አብሮ ጠቀለለው።
ልጆቹ ርስቱን በገመድ፣ እየለኩ ሲካፈሉ፣
ፊታውራሪነቱን ግን፣ ላንዱም አልደለደሉ።
ልጁ ይርዳው በባዶ ስም፣ ደጅ ሊጠና ሄደ ማልዶ፣
ከሰው አዳራሽ ጥግ ሥር፣ ዝናብ ሲመታው፣ በረዶ፤
ሰባት ክረምት፣ ማር በገንቦ፣ ሙክት በገመድ፤
ግራዝማች ተብሎ ሲመለስ፣ ጠጉሩ መስሎ ነበር ዐመድ።
«ሹመት ያዳብር» አሉት። ሁለት ዓመት አልቆየ፤
ከሁለተኛው ፋሲካ ወዲያ፣ ካባው በፀሐይ አልታየ።

አባቴ ደመላሽ ደግሞ፣ እንደገና ከሀ ጀመረ፤
በጥቅምት ባላምባራስ ተባለ፣ በየካቲት አገር ዞረ።
ካባው ከሰፊው ሳይወጣ፣ ገበሬ ማኅበር ጠራውና
«ጓድ» አለው። አባቴ ዞር አለ፣
ሌላ ሰው ከኋላው የቆመ መስሎት ነውና።

የሞተ ሌሊት የዕድሩ፣ ጡሩምባ ነፊ በሰፈሩ፣
«አቶ ደመላሽ ይርዳው አረፉ» እያለ ሲያልፍ ከበሩ፣
እናቴ ነጠላ አዘቅዝቃ፣ ጭቃውን ረግጣ ወጣች፤
«ባላምባራስ በል፣ ተመለስ፣ ከመጀመሪያው» አለች።
ተመለሰ። ከጫፍ ጀምሮ፣ ቤት ለቤት፣ እንደገና ነፋ፤
ውሻ ጮኸ፣ ፋኖስ በራ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ ጠፋ።

ጠየቀኝ፦ «ካፒቴንነቱስ፣ ከማን ወረስኸው አንተ?»
«ከሞተሩ ነው» ስል ገና፣ ሞተሩ አስሎ ሞተ።
እንቦጭ ነው። ያለ ደጅ ጥናት፣ ያለ ካባ፣ ያለ ነጋሪት፣
መዘውሩ ላይ ተጠምጥሟል፣ የሐይቁ ወራሽ በጉልበት።
ባሮኔቱ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ በሆዱ ተኛ ከጠርዙ፤
ሥሩን በቢላ ገዘገዘ፣ እስኪለቀን ድረስ መዘዙ።
ደንገል የጫነ ታንኳ ነጂ፣ ባጠገባችን ሲቀዝፍ፣
«ጌቶች፣ ምን ጠፋባችሁ?» አለን፣ ሳይቆም፣ እንዲያው ሲያልፍ።

«ልጅ የለኝም» አለኝ ማታ፣ ብሩን እየቆጠረልኝ፤
«ደረሰኙ ላይ ሮድሪክ በል፤ ሌላው እዚህ ይብቃልኝ።»
ወረቀቱን ከጉልበቴ ላይ፣ በርጥብ እጄ ዘረጋሁት፤
የእናቴ ልጅ አይደለሁ?
            «ሰር» ብዬ ከፊት ጻፍሁት።