ገጽ መቶ አሥራ ሁለት

ታርቱ ኅዳር ነው፤ ቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ይመሻል፣
ወንዙ ከዳር ከዳሩ ስስ በረዶ ለብሷል።
ሦስት ሆነን ተቀመጥን ከሲኒማው ሰገነት፣
ሦስት ቁራጭ ወረቀት፣ አንድ ያረጀ መብራት።
«ከአሥር ስንት ይሰጠው?» አለን ኡርማስ ሰብሳቢው፣
ሰዓቱን ሰርቆ እያየ፣ ባቡሩ እንዳያመልጠው።

የምንዳኘው ፊልም ነው፣ ከልብ ወለድ የተቀዳ፣
ሴት ብቻዋን ተሳፍራ ለሩቅ ፕላኔት እንግዳ፤
ነፋስ የማያውቀው ምድር፣ የጨው ባሕር የነጣበት፣
አንድ በር፣ ገደል ላይ ተገጥሞ፣ ሰባት ዓመት የጠበቃት።

ሌሎ ቀድማ ተናገረች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤
«ጨለማው ያስፈራል» አለች፣ «መንኮራኩሩም የእውነት ነው፣
ብሎኑ ሳይቀር ዝጓል፣ ዘይቱ ይሸተኝ ነበር።»
ስምንት ጻፈች። ኡርማስ ግን የፋብሪካ ሰው ነበር፣
«ጨው ላይ እንዲህ አይታረፍም፣ እግሩ ይሰምጣል» ብሎ ሞግቶ፣
ስበቱንም ነዳጁንም በጣቶቹ አስልቶ፣
ሰባት አለ።

እኔ ሦስት።

«ለምን?» አሉኝ።
«መጽሐፉን ክዶታል» አልኩ፤ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ።

ያነበብኩት ልጅ ሳለሁ ነው፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣
መታተሙ ተከልክሎ፣ ሌሊት፣ ተደብቄ ከእናቴ፤
ኤንዴል በታይፕ የመታው፣ በካርቦን፣ በስስ ወረቀት፣
ለእኔ ስድስተኛው ደርሶኝ፣ ፊደሉ የደበዘዘበት።
ሁለት ሌሊት ነው ዕድሜው፤ በሦስተኛው ይመለሳል፣
ስሙን የማላውቀው አንባቢ ወተት ቤቱ በር ይጠብቃል።

ገጽ መቶ አሥራ አንድ ላይ መዳፏን ጫነች ከበሩ፣
ብረቱ ቀዘቀዛት፤ ጆሮዎቿ ተገተሩ።
ገለጥኩ።
መቶ አሥራ ሦስት።
ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፤ እጆቿ ርሰዋል፤
በሩ ከኋላዋ ተዘግቷል።

የመሃሉ ገጽ የለም። አጫሽ ጠቅልሎ አጭሶት ይሁን፣
ፈሪ ምድጃ ከቶት ይሁን፣ እግዜር ይወቀው እሱን።
«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ያለ ሰው እኔን አያውቅም፤
አርባ አምስት ዓመት አንድ ወረቀት ስናፍቅ፣ ለማንም አልነገርኩም።

ስለዚህ ራሴ ጻፍኩት። በሩን ስትከፍት ዝናብ ነው፣
ኤንዴልን ይዘውት ሲሄዱ ጣቢያው ላይ የጣለው፣
ሞቅ ያለ የመስከረም ዝናብ፣ ካፖርት ካፖርት የሚሸት፣
ጨው ባሕሩን የሚያሟሟ፣ ሲነጋም ያላባራላት።

አገባሁ፣ ወለድኩ፤ መንግሥት ወደቀ፤ ባንዲራው ተለወጠ፤
መጽሐፉም በግልጽ ታትሞ በየሱቁ ተቀመጠ፤
አልገዛሁትም። «አንብቤዋለሁኮ» እያልኩ አለፍኩ፣
በኩራት። ወይ በፍርሃት። ዛሬም ልዩነቱን አላወቅኩ።

ፊልሙ ግን በሩን ከፈተ።
ባዶ ክፍል። ኖራ የተቀባ ግድግዳ። አንድ ሳፋ፣ ግማሽ ውሃ።
እጇን ነከረች። አራት ደቂቃ፣ ሙዚቃ እንኳ የለም።
«ዝናቡስ?» ብያለሁ ጨለማው ውስጥ፤
ከፊቴ ያለው ሰው ዞሮ አየኝ።

አሁን ሌሎ ቦርሳዋን ከፍታ መጽሐፉን አወጣች፣
ጣቷን በምራቅ አርሳ፣ ዝግ ብላ አነበበች፦
ባዶ ክፍል። ኖራ። ሳፋ። ግማሽ ውሃ።
ቃል በቃል። አንዲት ነጥብ ሳትጎድል።
«ዝናቡ የቱ ጋ ነው፣ ቪርቬ?»
ልታሳፍረኝ አልነበረም፤ ገጹን ወዲያና ወዲህ እያገላበጠች
የእውነት ትፈልግልኝ ነበር።

ምን ልበላት?
ከሳሹ እኔ፣ ዳኛው እኔ፣ ምስክሩም እኔው ነበርኩ፣
በጠፋ ሰነድ ሞግቼ በጠፋ ሰነድ ፈረድኩ።

እስክሪብቶ አይፋቅም። ሦስት ቁጥር ግን በግራዋ
ሁለት ክፍት በር አላት፤ ቢዘጉ ስምንት ነው ፍቺዋ።
የላዩን ዘጋሁት።
ከታችኛው ስደርስ እጄ ቆመ፤
ብረቱ ቀዘቀዘኝ።

ኡርማስ ወረቀቴን ሳበ፤ መነጽሩን ገፋ አድርጎ፣
«ዘጠኝ» አለ። ደመረና፣ «ሃያ አራት። አንደኛ ነው»፤
ባርኔጣውን አጥልቆ ወደ ባቡሩ ሮጠ።
ሌሎ አየችኝ። ምንም አላልኩም።

ድልድዩ ላይ ስደርስ ነው ጓንቴን እንደረሳሁ ያወቅኩት።
በረዶው መዳፌ ላይ እየወደቀ ውሃ ይሆን ነበር፤
እጆቼ ርሰዋል።
አልተመለስኩም።