የእምቧይ ካብ

ከኮምቦልቻ በታች፣ ቦርከና ሲታጠፍ፣
የፋብሪካው አረፋ በዳሩ ሲንሳፈፍ፣
ከአራጋው ማሳ ደረስሁ፣ ሐሙስ ነበር ቀኑ፤
ውሃ እየጠጣ ይሞታል ደበርጃኑ።

ቅጠሉ ሳይወይብ አንገቱን የደፋ፣
ሰኞ ያበበ ሁሉ ለሐሙስ የጠፋ።
ግንዱን ቆርጬ በብርጭቆ ነከርሁት፤
ነጭ ክር ወረደ፣ የቀጠነ ወተት።

«ይሄ ምን ይባላል?» አለኝ ጎንበስ ብሎ።
«ባክቴሪያ።»
«ስሙንስ አወቅሽው፤ ምን ይሁን ተብሎ?»

ዝም አልሁ። ዝም ብዬ አጥሩን ስመለከት፣
ማንም ሳይኮተኩት፣ ማንም ሳያጠጣት፣
ከዚያው ከታመመው አፈር ላይ በቅላ፣
እሾኋን አሹላ፣ ቢጫ ፍሬ አዝላ፣
እምቧይ ቆማለች።
ፍየል የማይነካት፣ ልጆች የሚራገጧት፣
ሰው ለስድብ ካልሆነ ስሟን የማይጠራት።

«እሷስ ለምን ቆመች?»
«እሷማ ምን ሆና! ሞት ራሱ ቀምሷት
መርራው ሄደ እንጂ፣ በአጥሩ ጥግ ትቷት።»

ፍሬዋን በሻሼ ጫፍ ቋጥሬ፣
በባጃጅ ተመለስሁ፣ ስድብ አሳፍሬ።

ጦይባ ሳቀችብኝ፤ «የእምቧይ ካብ ልትክቢ?
በይ እስቲ አንዷን በአንዷ ላይ ደርቢ!»
ደረብሁ። ተንከባልለው ከማቀዝቀዣው ሥር ገቡ።
ተረት መች ይዋሻል፤ ክብ ክብ ላይ አይቆም፤
ተረቱን ያወጣው ግን ሰንጥቆ አላያትም።

ማለዳ፣ አበባው ሳይፈታ ቀድሜ፣
ወንዴውን በወረንጦ ነቃቀልሁ ቆሜ፤
የእምቧይን ብናኝ በብሩሽ ቀባሁት፤
ወረቀት አልብሼ በቀይ ክር አሰርሁት።
አርባ ሠርግ ደገስሁ፣
ሚዜው ወረንጦ፣ ከበሮው ዝምታ።

ፍሬውስ ያዘልኝ። ግን ሽሉ በማሕፀን
ይሞታል፤ አይዋደድም የሁለቱ ወገን።
ስለዚህ ሞትን ነው መቅደም።
በሃያኛው ቀን ላይ ፍሬውን ከፈትሁት፤
ከሰናፍጭ ያነሰ ሽሉን አወጣሁት፤
ስኳርና ማዕድን በረጋበት ብልቃጥ
አስተኛሁት፣ የእንጀራ እናት ልሰጥ።

ማክሰኞ ሌሊት መብራት ጠፋ።
ከማዶ ፋብሪካው በጄነሬተሩ ይደምቃል፤
እኛ በስልክ ባትሪ ብልቃጥ እንቆጥራለን።
በሳምንቱ ሻጋታው እንደ ጥጥ አብቦ
ሠላሳ ሰባቱን ጨረሰው ተርቦ።
ሦስት ቀሩ።
«ሦስት ጉልቻ ነው» አለች ጦይባ፤ «ይበቃል።»

በጥቅምት፣ ከአራጋው የታመመ መሬት
ተከልናቸው፤ አንዱም አልደፋም አንገት።
ያፈሩት ግን ሎሚ አከለ፣ ዝንጉርጉር።
ቀርፎ ቀመሰና፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፤
«ሞት የተፋውን ነው እኔ የምበላ?»

«አምስት ትውልድ ስጠኝ» አልሁት። «እየመለስሁ
ከደበርጃኑ ጋር ላዳቅለው፤
ምሬቱ ቀስ በቀስ ይወጣል።»
«ልጆቼ ዘንድሮ ነው የሚበሉት» አለኝ።
ከዚያ ደግሞ ጥቂት አፈሩን እያየ፦
«ችግሯ ፍሬዋ ነው፤ ሥሯ ምን አጠፋ?
የአቮካዶ ችግኝ ትቀጥሉ የለ ወይ?
እግሩ ከሷ ይሁን፣ ራሱ ከዚያኛው።»

ፊቴ ጋለ። ስምንት ወር በአጉሊ መነጽር
ፍሬ ፍሬ ስል ሥሩን ረስቼ ነበር።

በምላጭ ቆረጥን፣ በፌስታል ክር አሰርን፤
አሥራ ሁለት ቀጠልን፣ ዘጠኙን አተረፍን።
ያው ዛሬ ከአጥሩ ሥር በእምቧይ እግር ቆሟል፤
ፍሬው የሊስትሮ ጫማ መስሎ ተንጠልጥሏል።
አራጋው የመጀመሪያውን ጆንያ
ሸጦ መጣ ከቅዳሜ ገበያ።

እኔም ያን መራራ ልጅ አልጣልሁትም።
ሁለተኛው ትውልድ ብልቃጥ ውስጥ አቆጥቁጧል፤
ጦይባ መለያው ላይ በእስክሪፕቶ ጽፋለች፦
«ካብ፣ ሁለተኛ ረድፍ።»

መብራት ብቻ አይጥፋ።