ከሮቢት የሚመጣ ፀሐይ

ደብረ ሲና ላይ ጉም በር አያንኳኳም፤
ገብቶ ይቀመጣል፥ «ውጣ» ቢሉት አይሰማም።
ከጣርማበር ወርዶ፥ ገመዴ ላይ አርፎ፥
ያሰጣሁትን ጨርቅ ያረጥባል ታቅፎ።
አሥራ አራት ሽንት ጨርቅ፥ ከእናቴ ነጠላ የተቀደደ፥
ሦስት ቀን ተሰቅሎ፥ መድረቁን ትቶ ሽታ ወለደ።

ምዕራፍ ሰማንያዋን ገና አልደፈነች፥
ሌሊቱን ግን እንደ ባለ ዕዳ ስትገላበጥ አነጋች።
ጡቴን ትገፋለች፥ ወዲያ ወዲህ ትረግጣለች፥
ፈትቼ ባያት፥ ከወገቧ በታች በርበሬ መስላለች።

እትዬ ሙላቷ መጡ ከጎረቤት፥
አንዴ «ምች ነው»፥ አንዴ «ዓይን ነው ያረፈባት»፤
ቅቤ በጣታቸው፥ ፓውደር በኪሳቸው፥
ሁለቱን ለውሰው ሊቀቧት ሲሉ እጃቸውን ያዝኳቸው።
አልተቆጡኝም። «ለስድስቱም ልጆቼ ያረግሁት ይህንን፤
ዳኑ። ለቅሷቸውን ግን... አትጠይቂኝ እሱን።»

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተር ውዴነሽ
እጇን በትንፋሿ አሙቃ፥ «ነይ እስኪ» አለቻት፥ «አንቺ ትንሽ!»
አይታ አይታ ስታበቃ፥ ዞራ እኔን ጠየቀችኝ፤
«ጨርቁን ስታጥቢ ስንቴ ነው የምታለቀልቂው?» አለችኝ።

ስንቴ?

ውሃው ከቧንቧ ሲወርድ ጣት ይነክሳል፤
አንዴ ነከር አድርጌ፥ ጨምቄ፥ «ይበቃዋል»
ብዬ ነው የምሰቅለው። የኦሞው አረፋ ውስጡ ቀርቶ፥
የልጄን ገላ ሲበላ ኖሯል፥ ሌሊት ከሽንቷ ጋር ተገናኝቶ።

ምችም አልነበረም። ዓይንም አልነበረም።
የቸኮለው እጄ ነው፤ ሌላ ሰው የለም።

«ተይ አታልቅሺ» አለች፤ «እንደረጠበች ቶሎ ቀይሪ፥
ለብ ባለ ውሃ እጠቢያት፥ ሳሙናውን ለጊዜው አስቀሪ፤
ሳትፈትጊ፥ እንዲያው ጠቅ ጠቅ እያረግሽ አድርቂ፤
ዚንኩን ሳትቀቢያት በፊት ክፍት ተያት፥ አየር ይንካት፥ ጥቂት ጠብቂ።
በሦስት ቀን ካልተሻላት፥ ውሃ ከቋጠረ፥ ካተኮሳት፥
ሌሊትም ቢሆን ይዘሻት ነይ፤ እኔ አለሁላት።»

አየር ይንካት! ደብረ ሲና ላይ አየር ማለት
ቢላዋ ነው፥ በበር ስንጥቅ የሚገባ በሌሊት።
ብገልጣት ትበርዳለች፤ ብሸፍናት ትቃጠላለች፤
እናት በሁለቱ መሃል ቆማ ምን ታረጋለች?

ጥላዬ ዝም ብሎ ሰማኝ። ብዙ አያወራም፤
ከሮቢት ሽንኩርት ይጭናል፥ ዳገቱን አይፈራም።
በማግስቱ ሳይነጋ፥ አይሱዙውን ሊያስነሳ ሲሄድ፥
ማዳበሪያ ሙሉ እርጥብ ጨርቅ ተሸክሞ አየሁት ሲወርድ።

ማታ ከረጢቱን ሲፈታው፥
ቤቱ ቆላ ቆላ ሸተተ፤ አቧራው፥ ሽንኩርቱ፥ የቀትር ትኩሳቱ ያለው።
«ቦኖ ላይ አምስቴ አለቀለቅሁት» አለ፥ «ረዳቴ እየሳቀብኝ፤
ስፖንዳው ላይ ሳሰጣው፥ አንዱ ነጋዴ፥ ‹ዋጋው ስንት ነው?› አለኝ።»

ስሙ ጥላዬ ነው። ያመጣልኝ ግን ፀሐይ።
እጄን ከረጢቱ ውስጥ ነክሬ አቆየሁት፥ ጉሙ ደጅ ቆሞ ሲያይ።

አየር ይንካት አይደል? የጋቢውን ጫፍ በየትከሻችን ይዘን፥
አልጋው ላይ ተንበርክከን፥ እንደ ሁለት ባላ፥ ድንኳን ሆንን።
ከሥራችን ምዕራፍ፥ ወገቧ ራቁት፥ በትንፋሻችን ሞቃ፥
አዛጋች፤ እግሯን ዘረጋች፥ መጀመሪያ ተጠንቅቃ፥

ከዚያ የአባቷን ሱሪ አጠበችው።

እሱ ንቅንቅ አላለም። «ተያት» አለ፥ «አሁን ነው የተመቻት፤
ሱሪውን ነገ ሮቢት አሰጣዋለሁ። ብቻ አታስደንግጫት።»

ቅላቱ በሦስተኛው ቀን ገረጣ፥ ከዳር ከዳር ሸሸ፤
እትዬ ሙላቷም መጥተው አዩ፥ ዓይናቸው አንድ ነገር ፈልጎ መሸሸ።
ጉሙ ዛሬም ገመዴ ላይ አለ፥ የሚያረጥበው አጥቶ፤
እኔም ቧንቧው ሥር አለሁ፥ ጣቴ ደንዝዞ፥ ቀልቶ፥
አንድ... ሁለት... ሦስት...
እያልኩ።