ገልብጦ መስፋት

ነሐሴ ሊያልቅ ነው። ጦሳ ጉሙን አውርዶ ሸዋ በርን ሸፍኖታል፤
ከሲንጀሬ ኋላ ተቀምጫለሁ፤ ደብተሬ ጭኔ ላይ ተዘርግቷል።
አሥር ስም አለበት።
በያመቱ አሥር ነው፤ አባቴ መቀሱን ካወረሰኝ ወዲህ አንድ ጎድሎ አያውቅበት።

አሥር ልጅ፣ አሥር ሸሚዝ፣ አሥር ሱሪ ወይ ጉርድ፣
ትምህርት ቤት ሲከፈት ከሰፈሩ ልጅ ማንም ተሸማቆ እንዳይሄድ።
ሰደቃ በለው ምጽዋት፣ ስሙን ሰፈሩ ያውጣለት፤
እኔ ቁመት ነው የምለካ፣ ትከሻ፣ የወገብ ስፋት።

ዘንድሮ ኮምቦልቻ ወርጄ የጨርቅ ዋጋ ጠየቅሁና፣
ነጋዴው ሲነግረኝ ሳቅሁ፤ ቀልድ መስሎኝ ነበርና።
ሰውየው አልሳቀም።
«ነገ ብትመጣ» አለኝ፣ «ይችም ዋጋ አትቆይም።»

ኪሴን ቆጠርኩ። የቤት ኪራይ፣ የመብራት፣ የዘይት፣ የእድር፣
የሀዋ የስኳር መድኃኒት
(ስኳር እንኳ ደም ውስጥ ካልሆነ የማይገኝበት አገር!)
የተረፈው ሦስት ያለብሳል፤
ለአራተኛው ጀርባው ቢወጣ እጅጌው ይጎድላል።

እንግዲህ ምረጥ አለኝ ደብተሩ፤
ከአሥሩ የትኞቹ ይቅሩ?
የሙሄ ልጅ? ሙሄ እግሩን ያጣው ድንጋይ ሲፈልጥ ነው።
የአስካል መንትዮች? አንዱን አልብሼ አንዱን ልተወው?
ራህመት? ያችን አንድ ጉርድ እሑድ ማታ አጥባ፣
ሰኞ ርጥቡን ለብሳ ስትሄድ አይቻለሁ፤ ደሴ ብርድ መች ያደርቃል፣ ከነውሃው ክፍል ስትገባ።
ችግር ሚዛን የለውም፣ በሜትርም አይለካ፤
ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ስለካ፣ ይሄን አላወቅሁም ለካ።

«አብሽር» አለች ሀዋ ከጓዳ፣ «የሌለህን ማን ጠየቀህ?»
«ማንም» አልኳት፤ «እሱ ነው ጭንቁ፤ አይጠይቁህም፣ ዝም ብለው ነው የሚያዩህ።»

በእርሳስ ጀመርኩ፤ በእስክሪብቶ አልደፈርኩም።
መጀመሪያ የትርንጎን ልጅ። ትርንጎ ከሰል ትቸረችራለች፤
እጇ ቢጠቁርም ምድጃዋ አይጠፋም፣ ከሌሎቹ ትሻላለች።
አንድ መስመር፣ ቀጭን።
ስም ሲሰረዝ ድምፅ የለውም፤ ውሻ እንኳ አይጮህብህም።

በማግስቱ ማን መጣ? ትርንጎ።
ደብተሩ እንደተከፈተ ጠረጴዛ ላይ፤ ማንበብ ትችል እንደሁ አላውቅም።
በፌስታል የጠቀለለችውን ሱሪና ሸሚዝ አቀበለችኝ፦
«የትልቁ ልጄ ነው፤ ቁመቱ አመለጠኝ።
ለምታለብሳቸው ልጆች ይሁን፤ ትንሽ ነው፣ አትታዘበኝ።»

ጨርቁን ሳየው አወቅሁት፤ የዛሬ ሦስት ዓመት የኔው እጅ ነው የሰፋው፤
ጉልበቱ ሳስቷል፣ ፊቱን ፀሐይ ልሶ ጨርሶታል፣ ሰማያዊ ነበር ድሮ ቀለሙ ሳየው።
እሷ ከሄደች በኋላ ገለበጥኩት።
ውስጡ ገና ነው፤ ሰማያዊ፣ ከጣቃው እንደተቆረጠ ለት።

ምላጬን አነሳሁ።
ስፌቱን ፈታሁ፤ ውስጡን ወደ ውጭ፣ የሳሳውን ጉልበት ወደ ጓሮ መለስኩ።
ከመስጊዱም ከመድኃኔዓለም ደጅም ወሬ ላክሁ፦ «ያጠረ ልብስ ያለው!»
አንዱ ኮት አመጣ፣ አንዷ ቀሚስ፣ አንዱ መጋረጃ፤
እሱንም አልመለስኩ፤ ኪስ ነው የሚሆነው።
ድሮ ጨርቅ ነበር የምሰጥ፤ ዘንድሮ ዓይኔን ነው፣ ሌሊቴን፣
መብራት ሲጠፋ በሻማ፣ ሀዋ ከመርፌው ቀዳዳ እያሾለከችልኝ ክሩን።

ስምንት ደረሰ። ሁለቱ አልደረሱም፤ አልዋሽም።
አንዷ ራህመት ናት። «ለጥቅምት» አልኳት፤
«እሺ» አለች፤ ፊቴን ግን አላየችም።

ትናንት ማታ ያችን የእርሳስ መስመር በላጲስ አሸሁት፤
ጠፋ። ወረቀቱ ግን ሳስቶ ቀረ፣ ጣቴ ሲነካው አወቅሁት።
ልማድ ሆኖብኝ ገለበጥኩት፤
በጀርባውም ይታያል።