ውድ አበዳሪያችን

«ውድ አበዳሪያችን፣ ክብርት አስረበብ» ይላል፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስልኬ ትራሴ ሥር ይበራል።
ሻርጃ ነው፤ አል ናህዳ።
ስድስት ሴት ባንድ ክፍል፣ መጋረጃው ግድግዳ፣
ከኤሲው ሥር ባልዲ፣ ጠብ ይላል ጠብ ይላል፣
ከላዬ የሙኒራ አልጋ ሲጥ ይላል።
ክብርት!
ቀን ስሜ «ውሃውን ቀይሪ» ነው፣
ሌሊት ግን ይኼው ነው።

ያበደርኩት ገንዘብ አምስት መቶ ድርሃም ነው፣
ከእቁብ ዕጣዬ የተረፈ፣ ለወንድሜ ባጃጅ ያነሰው።
በስልኬ መቶ መቶ አድርጌ በተንኩት፤
አንዱን መቶ ለአጅማን ጣፋጭ ቤት ሰጠሁት፣
አንዱን ለአበባ ሻጭ፣ አንዱን ለጀልባ፣
አንዱን ሴቶች ላብ በገንዘብ ለሚገዙበት ጂም።
አምስተኛው ቁጥር ነው፣ ስም የለውም፦
«ተበዳሪ አርባ አራት አሥራ ሰባት፣ አገልግሎት ሰጪ፣ ደረጃው ለ።»
ለ ምን እንደሆነ ማን ጠየቀ?

ሙኒራ «ሪባ ነው፣ እሳት ነው» ብላኛለች፣
ሦስት ቀን ከኔ ሳህን አልበላችም፣ ኋላ ረሳች።
እኔን የማረከኝ ቃሉ ነው፤ ወለድ።
በአርባ ዓመቴ ካልወለድኩ፣ ገንዘቤ እንኳ ይውለድ።

በኛ አገር ባለ ዕዳ ያበደረውን ሲያይ
መንገድ ይቀይራል፣ ይሰወራል ቅያስ ላይ፤
የኔዎቹ ግን እግር በግር ይከተሉኛል፣
በሳምንት ሁለቴ ቅናሽ ይልኩልኛል።
ጂሙ «ቦርጭዎን እናጥፋ» ይላል በትሕትና፣
አርባ ደረጃ ስወለውል ውዬ መጥቼ ገና፤
ጀልባው «እራት ለሁለት፣ ጀንበር ስትጠልቅ በባሕር»፣
ሁለተኛውን ሰው ግን ቅናሹ ውስጥ አይጨምር።
ሁሉም ውድ ብሎ ጀምሮ በርካሽ ይጨርሳል።
አንብቤ አጠፋለሁ።

ይኼኛውን ግን አላጠፋሁም፦
«ቤትዎ ይጽዳ፣ እርስዎ ይረፉ፤ ለአበዳሪዎቻችን ብቻ፣
በሰዓት ሃያ ስምንት ድርሃም፣ እስከ ወሩ መጨረሻ።»
ከሥሩ ፎቶ፤ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ደረቱ ላይ ነጭ እርግብ።
ቀና አልኩ። ሚስማሩ ላይ ያው ሸሚዝ፣ ያው እርግብ፣
ብብቱ በላብ ጨው የነጣ፣ ኪሱ ላይ «አስረበብ»።

ቀጣሪዬ ነው ባለ ዕዳዬ።

ከሠራተኛዋ አስረበብ የሁለት ወር ደሞዝ ይዟል፣
«ነገ፣ ኢንሻላህ፣ ነገ» እያለ ሚስተር ቢጁ ሻዩን ያማስላል።
ለአበዳሪዋ አስረበብ ግን በወሩ አምስተኛ ቀን
ዝንፍ ሳይል ይከፍላል ወለዷን፦
ሰባ አምስት ፊልስ።
በጣቴ ሠራሁት፣ ደግሜ ሠራሁት፤
ያቺ ሰባ አምስት ከየት መጣች?
ከያዘብኝ ደሞዝ ተቆንጥራ ነው የወጣች።
የገዛ ላቤን በማንኪያ ቀድቶ ያጠጣኛል፣
ከዚያ ደግሞ «ስለመረጡን እናመሰግናለን» ይለኛል።

ዓርብ ዕረፍቴ ነው። ጠዋት ቅናሹን ነካሁት።
አድራሻ? ክፍል ሦስት መቶ አራት።
ስንት ሰዓት? ሁለት።
ሃምሳ ስድስት ድርሃም ከካርዴ ሄደ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሚስተር ቢጁ ደወለ፦
«ዕረፍትሽ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ሰው የለኝም፣ እዚያው ናህዳ ነው፤
ትልቅ ማዳም ናት፣ ኢንቨስተር። ቀስ ብለሽ አንኳኪ።»
«እሺ» አልኩት።

ሸሚዙን ለበስኩ። ባልዲውን ከኤሲው ሥር አነሳሁ።
ወጣሁ፣ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ፣
ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ፣ ጫማዬን እያየሁ፤
አንኳኳሁ።

ሙኒራ ከፈተች፣ ዓይኗ በግማሽ እንቅልፍ።
«ምን ረሳሽ?»
«ማዳም አለች?»

ባልዲውን አየች። እርግቡን አየች። ብዙ ቆየች።
«ተኝታለች» አለች፣ «ጫማሽን አውልቂ።»

ከአልጋዬ ሥር ጀመርኩ፣
እንደ ሰው ቤት፣ ጠንቅቄ።