ይኸው ነው?

በሂዩማ ደሴት፣ ባሕሩ ሲጠጥር፣ በረዶ ሲጋገር፣
ቅዳሜ ማታ ነን፤ አራት ሴት ባንድ መደብ፣ ከላብና ነገር።
የአራታችን ዕድሜ፣ ቢደመር ቢቀመር፣ ሁለት መቶ ሰባ፤
በዚች ሙቅ ሣጥን ውስጥ ልብስም አይገባባት፣ ሐፍረትም አይገባ።

ሄልዩ ከባልዲው በጭልፋ ቀድታ ድንጋዩን አጠጣች፤
እንፋሎቱ ጮኸ። እሷ ግን ቀስ ብላ ጥያቄ አመጣች፦
"እስቲ የመጀመሪያው፣ የየራሳችሁ፣ እንዴት ነበር ያኔ?"
ሁሉም ወለል አየ፤ የማገዶ ፍልጥ ስቆጥር ነበር እኔ።

ማይሙ ጀመረች፦
"ሃያ አራት ዓመቴ፤ ታርቱ፣ የኪራይ ክፍል።
ፊቱን ብትጠይቁኝ ጠፍቶኛል።
የግድግዳውን ወረቀት ግን አሁን ልሳለው እችላለሁ፦
ቡናማ መስመር፣ መሃሉ ቢጫ አበባ፣
ሰባተኛው አበባ ላይ የተቀደደ።
ሰባት ድረስ ቆጥሬ ስመለስ
ሸሚዙን ይቆልፍ ነበር።"
ሳቅን።
የእሷ ሳቅ ከኛ ቀድሞ አለቀ።

"እኔ እሺ አልኩ" አለች ሳልሜ።
"እሺ ያልኩት ወድጄ አይደለም፤ እምቢ ማለት ደክሞኝ ነው።
ሃያ ስድስት ሞልቶኛል፤ እናቴ 'ቆመሽ ቀረሽ' ትላለች፤
እሱ ቀለበት አስሮልኛል።
አልመታኝም። አልጮኸብኝም። ክፉ ሰውም አልነበረም።
ግን ይኸው አርባ ዓመት፣ ለዚያ ሌሊት ስም ስፈልግለት።
የለውም።
ስም የሌለው ደግሞ አይቀበርም።"

ሄልዩ ውሃ አልጨመረችም።
የበርች ቅጠሉን እቅፍ ከባልዲው አወጣችና
ሳልሜ ጀርባ ላይ አሳረፈችው፤
መግረፍ ሳይሆን፣ ማልበስ።

ከብዙ ዝምታ በኋላ፣ "የኔን አልጠየቃችሁም" አለች።
"ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነበር።"
"ሃምሳ አንድ?!" ማይሙ ከመደቡ ልትወድቅ።
"ሃምሳ አንድ። ጣሪያዬን ሊጠግን የመጣው አርቮ።
መጀመሪያ መነጽራችንን የት እናስቀምጥ ብለን ተጨነቅን።
ከዚያ ወገቤን ያዘኝ፤
አርቮ አይደለም፣ ሕመሙ!
ጀርባዬን ሲያሽልኝ አደረ። ነገሩ የሆነው ሐሙስ ነው።
ጣሪያውም እስከ ዛሬ ያፈሳል።"

"ቪርቬ፣ አንቺስ?"
"ካልዮ ካልሲውን አላወለቀም" አልኳቸው።
በቂ ነበር፤ እስከ እንባቸው ሳቁ።

ያልነገርኳቸው ይሄ ነው፦
ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት፣ ሁለታችንም፣ ከተጋባን ሦስተኛ ቀን፤
ሲያበቃ በጨለማው፣ ጣራ ጣራ እያየ፣ "ይኸው ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።
"ይመስለኛል" አልኩት። እሱ ቀድሞ ሳቀ፣ ኋላ እኔን አሳቀኝ፤
አከራያችን ነቅታ ግድግዳ እስክትደልቅ፣
ትራስ በአፋችን ላይ ወትፈን ስንስቅ።

ከዚያ ወዲያ ቃሏ የቤት ሆነች።
የመጀመሪያዋ መኪናችን ከመንደር ሳትወጣ ስትቆም፣ "ይኸው ነው?"
ልጃችን እንደ ቀይ ሥር ቀልቶ ሲወለድ፣ "ይኸው ነው?"
ባንዲራው ተቀይሮ፣ ዳቦው ሲወደድ፣ "ይኸው ነው?"
አልጋውንም ቢሆን ለመድነው፤ ዓመት ፈጀብን እንጂ
እጁ መንገዱን አወቀ፣
እኔም "እዚያ ጋ" ማለት።

ባለፈው መጋቢት፣ ሆስፒታል፣
እግሩ ሲበርድ ካልሲ አጠለቅኩለት።
ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "ቪርቬ... ይኸው ነው?"
"ይመስለኛል" አልኩት።
አልሳቀም።
ወይም ስቋል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ወጣን። ከትከሻችን እንፋሎት ይነሣል፤
አራት ማሰሮ ነን፣ ክዳናቸው የተከፈተ።
በረዶው ላይ ወደ ተቆፈረችው ጉድጓድ
ሳልሜ ብቻዋን ሄደች፣
መሰላሉን ይዛ እስከ አንገቷ ገባች።
ከመውጣቷ በፊት አጎንብሳ
ለጥቁሩ ውሃ አንዲት ቃል ነገረችው።
ስም ይሁን ስድብ አልሰማሁም።
ፎጣዋን ይዤ ቆሜ ነበር፤
ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ።